ከሦስት ቀን በፊት አይፈታ

«ጣትህን አንቀሳቅስ እስቲ» አለች ትርሲት።

አንለይ ሞከረ። ከሸምበቆው ጫፍ ብቅ ያሉት ጣቶቹ ንቅንቅ አላሉም።

«ያመኛል።»

«የተሰበረ ክንድ ያማል። ከክምሩ ላይ ስትዘል ጀግና አልነበርክ?»

«የትናንቱ ሌላ ነው። የዛሬው ውስጡ ሊፈነዳ ነው የሚመስለኝ። ጣቴ ደግሞ የኔ አልመስል አለኝ።»

ትርሲት መቀለዷን ተወች። ወንድሟ ገና አሥር ዓመቱ ነው፤ ትናንት ከሰዓት ከሩዝ ገለባ ክምር ላይ ወድቆ ቀኝ ክንዱ ተሰበረ። እናታቸው ውባንቺ እያዋከበች የወሰደችው ወደ ወጌሻው ወደ አያ በላቸው ነበር። አያ በላቸው ክንዱን ዳስሰው አቀኑ፤ ዙሪያውን በሸምበቆ ፍላጭ ደግፈው በገመድ ጥብቅ አድርገው አሰሩት። «ከሦስት ቀን በፊት እንዳይፈታ» አሉ። «የፈታው ሰው ዳግመኛ ደጄን አይርገጥ።» የአባታቸውን እግር ያቀኑ እሳቸው ናቸው፤ የአንለይም የክርስትና አባት ናቸው። ቃላቸው በቤቱ እንደ ግዝት ነበር።

ዛሬ ኪዳነ ምሕረት ናት፤ እናታቸው ቅዳሴ ሄዳለች። ትርሲት የወንድሟን ሁለት እጆች ያዘች። ግራው ይሞቃል፤ ቀኙ ቀዝቅዟል። የግራውን ጥፍር ጫን አድርጋ ስትለቀው ነጣና ወዲያው ቀላ። የቀኙን ስትጫነው ግን ነጩ እዚያው ቀረ። ጣቱን በቀስታ ልታቀና ስትሞክር አንለይ ጋቢውን ነከሰ።

የጤና ባለሙያዋ ሉሊት ትምህርት ቤት መጥታ ያለችው ትዝ አላት። «ከታሰረ በኋላ ሕመሙ ከባሰ፣ ጣቱ ከቀዘቀዘና ከደነዘዘ፣ ሥጋው ደም አጥቷል ማለት ነው። እሱ ለሰዓታት እንጂ ለቀናት አይጠብቃችሁም።» የዚያን ዕለት ትርሲት ደብተሯ ላይ አበባ ስትስል ነበር፤ ጆሮዋ ግን ሰምቶ ኖሯል።

ፈትታው አጥንቱ ቢዛባ፣ «ትርሲት ያጣመመችው እጅ» ሲባል ሊኖር ነው። ባትፈታውስ?

ምላጭ አመጣች።

«አማትቢ» አላት አንለይ።

አማተበች። ገመዱን አንድ በአንድ በጠሰችው፤ ከስር ያለውን ጨርቅም ቀደደች። ክንዱ አብጦ፣ ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል።

«ቀለለህ?»

«ትንሽ።»

ትንሽ አልበቃትም። ክንዱን በታጠፈ ነጠላ ላይ በደረቱ ልክ አሳረፈችና ለባጃጅ ነጂው ለደስታው ደወለች።

በመንገዳቸው እናታቸውን ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አሳፈሯት። ውባንቺ የልጇን ክንድ አይታ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። ባጃጁ ትንሽ እንደ ሄደ ወደ ትርሲት ጆሮ ጠጋ አለች።

«አያ በላቸው ደጃፋቸው ላይ አይጠፉም። ከጠየቁ፣ ገመዱ ራሱ ተበጠሰ በይ። እኔም እንደዚያ ነው የምለው። ነገ ማን ያቃናናል?»

እንዳለችውም አያ በላቸው ሐኪም ቤት ወዳለበት ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ዳር ከዘራቸውን ይዘው ቆመው ነበር። ደስታው ገና ሲያያቸው ፍጥነቱን ቀንሶ አጠገባቸው ቆመ።

«ማን ፈታው?» አሉ ወደ ውስጥ እያዩ።

ውባንቺ የትርሲትን ጉልበት ጫን አደረገችው። ትርሲት ከአያ በላቸው ትከሻ በላይ አሻግራ አየች። ግቢያቸው ውስጥ አንዲት እናት ልጇን አቅፋ ተራ ትጠብቃለች፤ አጠገባቸው አዲስ የተፈለጠ ሸምበቆ ተዘጋጅቷል።

«እኔ ነኝ አያ» አለች። «ቀዝቅዞበት ነው። ጥፍሩን ጫን አድርገው ይዩት።»

የሽማግሌው ፊት ጠቆረ። ደስታው መስተዋቱን የሚያስተካክል መሰለ። አያ በላቸው ጎንበስ ብለው የአንለይን ጥፍር በአውራ ጣታቸው ተጫኑ፤ ለቀቁ፤ ጠበቁ። ደግመው ተጫኑ። ሁለተኛው ጊዜ ከመጀመሪያው ረዘመ።

«መቼ ነው እንዲህ የሆነ?»

«ከንጋት ጀምሮ እየባሰበት መጣ።»

ቀና ብለው ወደ ግቢያቸው ዞሩ። «እስክመለስ የልጁን ስብራት እንዳትነኩት» አሉ ለሴትዮዋ። ከዚያ ከዘራቸውን ወደ ባጃጁ አስገቡ። «ጠጋ በሉ። እንዴት አድርጌ እንዳሰርሁት ለሐኪሙ የምነግረው እኔው ነኝ።»

ትርሲት ቦታዋን ለቀቀችላቸውና ከደስታው ጎን ተቀመጠች።

«አንተ ደግሞ ምን ቆመህ ታየኛለህ?» አሉት። «ንዳ እንጂ።»