የውስጠኛው መስመር

«እግርዎን ያንሱ አባባ፣ ልጥረግ።»

የልጅቷ እናት መጥረጊያውን ወደ አያቷ ወንበር ሥር ሰደደች። አያቷ እግራቸውን ለማንሳት ሞከሩ። ቀኙ ተነሣ፣ ግራው እዚያው ቀረ። እናቷ ጎንበስ ብላ የቀረውን እግር በእጇ አነሣች፣ ከሥሩ ጠረገች፣ መልሳ አስቀመጠችው። የወንበሩንም እግር እንደዚሁ ነበር ያነሣችው።

ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ይህን ስታይ ደሟ ፈላ።

«ተነሥተው ዞር ማለት ያቅታቸዋል እንዴ?»

«የሰባ አራት ዓመት ሰው ላንገላታልሽ?» አለች እናቷ ቀና ሳትል። «ይልቅ ኮሪደሩን አስለቅቂ። አጎትሽ ፒክአፑን ይዞ እየመጣ ነው።»

ከሦስት ወር በፊት እነዚያ እግሮች ከጠዋት እስከ ማታ የስፌት መኪና ፔዳል ሲረግጡ ነበር የሚውሉት። አያቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። «ናቸው» የምትለው እሷ ብቻ ናት፤ ሌላው ሁሉ «ነበሩ» ማለት ከጀመረ ቆይቷል። ሱቃቸው ጠባብ ብትሆንም በሯ ላይ አንድ አግዳሚ አለ፣ እሱም ባዶ ሆኖ አያውቅም ነበር። ጡረታ የወጣው አስተማሪ ጋዜጣውን እዚያ ያነባል፣ ጫማ ሰሪው ደግሞ «እዚህ ቤት ከሚሰፋው የሚቀደደው ወሬ ይበልጣል» እያለ ይስቃል። አሁን ሱቋ ተዘግታለች። የስፌት መኪናው ኮሪደር ውስጥ አንሶላ ለብሶ ቆሟል፣ ዛሬ ለሙያ ማሠልጠኛ ሊሰጥ ነው። አያቷ ምግብ ይቀርብላቸዋል፣ ውሃ ይቀዳላቸዋል፣ ካልሲ ይጠለቅላቸዋል። እንዲያርፉ።

ሐሙስ ዕለት ትምህርት ቤት የባዮሎጂ አስተማሪው ይህንኑ ነገር አንሥቶ ነበር። «ጡንቻ ሥራ ሲያጣ ይከሳል» አለ። «በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ደግሞ ቶሎ ይከሳል፣ ለመመለስም ይዘገያል። ጡንቻ ብቻም አይደለም። ሰው ከሚያገኝበት ቦታ የተቆረጠ ሽማግሌ አእምሮውም ብዙ ጊዜ አብሮ ይደክማል።»

«ቲቸር፣ ይሄ ጀለሴ በፈተና ብዛት አርጅቷል፤ ምን ይሻለዋል?» አለ ከኋላ አንዱ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እሷ ደብተሯን ዘጋችው። አስተማሪው ቤቷ ገብቶ ያየ ይመስል በሱም ተናደደች።

በሁሉም ትናደድ ነበር። በእናቷ፣ በአጎቷ፣ አያቷን «አይዞዎት፣ ዕድሜ ነው» ብሎ በሚያልፍ ጎረቤት ሁሉ። ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ነገሩን የጀመረችው ራሷ ናት።

ያኔ አያቷ ጉንፋን ጥሏቸው ሁለት ቀን በትኩሳት ተኝተው ነበር። እሷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቁልፉን ከካፖርታቸው ኪስ ወስዳ ሱቁን ከፈተች። የጎረቤታቸው የሹፌሩ የኮት ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ነበር፣ የአያቷ ሁለት የጠመኔ መስመሮችም ተሰምረውበታል። ሲድኑ ተቆርጦ ቢያገኙት ምን ያህል ደስ ይላቸዋል ብላ መቀሱን አነሣች። የውስጠኛው መስመር የሚሰፋበት ነው፣ የውጪው የሚቆረጥበት። ይህን ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ታውቃለች። እያወቀች ተሳስታ በውስጠኛው ቆረጠችው፣ ስህተቷን ያየችው የመጨረሻው እጅጌ ከተለየ በኋላ ነው። ለስፌት የሚተርፍ አንድ ጣት ጨርቅ እንኳ አልቀረም። ጨርቁን አጣጥፋ፣ ሱቁን ዘግታ ቁልፉን ወደ ካፖርታቸው ኪስ መለሰች።

በማግስቱ ሹፌሩ ኮቱን ሊጠይቅ ሲመጣ እናቷ ሱቁን ከፈተችለት። ሁለቱም ጨርቁን አዩ። «ሳይታመሙ በፊት ቆርጠውት ነው» አለች እናቷ፣ «አባባ አበቃላቸው።» ሹፌሩ ለአግዳሚው ነገረ፣ አግዳሚው ለሰፈሩ። እናቷ ሌላ ጨርቅ ገዝታ ሰጠች፣ የተበላሸውን ግን አያቷ አይተው እንዳይከፋቸው ብላ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው። በአፍ ብቻ ነገረቻቸው።

«እኔ?» ነበር ያሉት። «በውስጠኛው?» ብዙ አሰቡ። ትኩሳቱ ያንን ሳምንት አደብዝዞባቸው ስለነበር ምንም አላገኙም። የሱቁን ቁልፍ ለእናቷ የሰጡት በገዛ እጃቸው ነው። ከዚያ ወዲህ መነጽራቸውን ያስቀመጡበት ቢጠፋቸው እንኳ «ይኸው፣ ጀመረኝ» ይላሉ።

ልጅቷ ግን ጨርቁን ከቆሻሻው አውጥታ ፍራሿ ሥር ደብቃው ነበር። ለምን እንዳወጣችው አታውቅም።

ውጭ የመኪና ጡሩምባ ተነፋ። አጎቷ ገብቶ የስፌት መኪናውን አንሶላ ገለጥ አድርጎ አየ፣ መልሶ አለበሰው።

«ለተማሪዎች ነው አባባ» አለ። «ስምዎን እንጽፍበታለን።»

«ይሂድ» አሉ አያቷ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «በእጁ የማያምን ሰው መሣሪያ ምን ያደርግለታል።»

ልጅቷ ወደ መኝታ ክፍል ገባች። ስትመለስ ጨርቁን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠች።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች እናቷ፤ ወዲያው ግን አወቀችው። «አንቺ፣ ከየት አመጣሽው?»

አያቷ መነጽራቸውን አደረጉ። የጨርቁን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት፣ ገልብጠው እንደገና ዳሰሱት።

«መስመሩ የኔ ነው» አሉ። «አቆራረጡ ግን የኔ አይደለም። ለቀኝ እጅ የተሠራ መቀስ በግራ ሲያዝ እንዲህ ጠርዙን ይበላዋል።» ቀና ብለው አዩዋት። በግራ እጇ ስለምትጽፍ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጠሯት በዚያው ነበር። «ግራኟ።»

«እኔ ነኝ አባባ።»

«ሦስት ወር» አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም፣ ብትሰማው የምትመርጠው ግን ጩኸቱን ነበር። «ሦስት ወር ሙሉ አእምሮዬን ስከሰው ከረምኩ። አንቺ ፊቴ ተቀምጠሽ እራትሽን እየበላሽ።»

«ፈርቼ ነው።»

«እኔ ስንት ጨርቅ አበላሽቻለሁ። ጨርቅ ይተካል።» ወደ እናቷ ዞሩ። «አንቺስ? ለምን አላሳየሽኝም? አንድ ጊዜ ብነካው ይበቃኝ ነበር።»

«እንዳይከፋዎት ብዬ ነው አባባ።»

«እንዳይከፋኝ ብለሽ በቁሜ ቀበርሽኝ።»

እናቷ መጥረጊያውን ይዛ ቆማ ቀረች። አጎቷ አንዴ በሩን፣ አንዴ የስፌት መኪናውን አየ። «ታዲያ ልጫነው ወይስ?» አለ።

አያቷ የወንበሩን እጀታ ያዙ። ሁለት ጊዜ ሞክረው ተመለሱ። ልጅቷ እጇን ስትዘረጋ «ተዪኝ» አሏት። በሦስተኛው ቆሙ። ግድግዳውን እየተደገፉ ኮሪደሩ ድረስ ሄዱ፣ አንሶላውን ጎትተው ጣሉ፣ ተቀመጡ። ፔዳሉን ረገጡት። መንኮራኩሩ አራት ጊዜ ዞሮ ቆመ። ጭናቸው በሱሪያቸው ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ይታይ ነበር። ላባቸውን ጠርገው እንደገና እግራቸውን ፔዳሉ ላይ አደረጉ። ወደሷ አልዞሩም። ይቅር እንዳሏት የሚያሳይ ነገር የለም፣ እሷም አልጠበቀችም።

እናቷ የሱቁን ቁልፍ ከቀሚሷ ኪስ አውጥታ የስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

ልጅቷ ወንበሩ ሥር የወደቀውን ጨርቅ አነሣች። ሱቁ ነገ ቢከፈት አግዳሚው ላይ ማን ይቀመጣል? ሰፈሩ ሁሉ አያቷ አእምሯቸውን ስተዋል ብሎ ያምናል። ሹፌሩ፣ ጡረተኛው አስተማሪ፣ ጫማ ሰሪው፣ በዚህ ሰዓት ሁሉም ከጫማ ሰሪው ደጅ አይጠፉም። ምን እንደሚሏት ከወዲሁ ይሰማታል።

«ወዴት ነው?» አለች እናቷ።

«ሹፌሩ ጋ።»

ጨርቁን የተቆረጠው ጠርዝ ወደ ውጭ እንዲታይ አድርጋ አጣጠፈችው። ጫማዋን አደረገች። ከኋላዋ ፔዳሉ ሲንቋቋ ሰማች፤ ቆመ፣ ቆየና እንደገና ጀመረ። በሩን ክፍት ትታው ወጣች።