በእናት በኩል ሲቆጠር

የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አንድ ጊዜ አንድ አዛውንት ካረፉ በኋላ የክፍላቸው የጥሪ ደወል በራሱ ጊዜ መጮኽ ጀመረና፣ የሥራ ጓደኞቼ በሙሉ አንገባም ብለው ኮሪደሩ ላይ ሲያማትቡ፣ ገብቼ ፍራሹን አንስቼ፣ በአልጋው ብረት የተቆነጠጠውን ሽቦ አውጥቼ በፕላስተር የጠቀለልኩት እኔ ነኝ። ይህን የማወራው ለጉራ አይደለም፣ እሺ ትንሽ ለጉራም ነው፣ ዋናው ግን ቀጥሎ የምነግራችሁን ስትሰሙ ‘ይቺ ሴትዮ ድሮም ሕልም ፈቺ ናት’ እንዳትሉኝ ነው። መንፈስ አየሁ የሚል ሰው ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የደም ግፊት መድኃኒቱን መውሰዱን ነው።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ግንቦት፣ ለብሌን ሰርግ ወደ ሳቫና ስንሄድ ነው። ብሌን የእህቴ የጸዳለ ልጅ ናት፣ ጸዳለ ስታርፍ ልጅቷ ገና ስድስት ዓመቷ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ እዚሁ ጆርጂያ ፓይን ሌክ ባለችው ቤታችን ያሳደግናት እኔና ባለቤቴ ታደለ ነን፣ እኛ አልወለድንም፣ ልጃችን እሷ ናት። ሙሽራው ናትናኤል ሳቫና ወደብ ላይ ይሠራል፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ሰው ሲናገር አያቋርጥም፣ ይህ ደግሞ በእኛ ቤት ትልቅ ነገር ነው። ከሲያትልም ከቶሮንቶም ከአዲስ አበባም ዘመድ ስለሚሰበሰብ ልጆቹ ባሕር ዳር ትልቅ ቤት ተከራዩ፣ ቄሱ ግን አሸዋ ላይ አላጋባም ስላሉ ሥርዓቱ ከተማው ውስጥ ባለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን፣ ድግሱ ደግሞ ባሕሩ ዳር እንዲሆን ተስማማን።

ወደ መንገዱ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። ሰባት ቤት መቁጠር የሚባለውን ታውቁታላችሁ፣ ሁለቱ ልጆች እስከ ሰባት ትውልድ ድረስ በአንድ ሰው እንዳይገናኙ ሽማግሌዎች በሁለቱም ወገን ያስቆጥራሉ፣ ከተገናኙ ጋብቻ የለም። የብሌን አባት ከሲያትል በስልክ የእሱን ወገን እስከ ሰባተኛው ድረስ እንደ ዳዊት ደገመው፣ የናትናኤል ሰዎችም ቆጠሩ፣ በብሌን እናት በኩል ግን ከእኔ ሌላ የሚቆጥር አልነበረም። እኔ ደግሞ ከእናቴ ከበለጡና ከአያቴ ከዘነቡ ወዲያ ማንንም አላውቅም። ሽማግሌዎቹ ሲደውሉልኝ ፈረቃ ልገባ መኪና ውስጥ ነበርኩ፣ አላውቅም ማለት አሳፈረኝ፣ ደግሞስ አሜሪካ የተገናኙ ሁለት ልጆች ከየት ተነሥተው ሊዛመዱ ነው ብዬ ‘ተቆጥሯል፣ ንጹሕ ነው’ አልኳቸው። ብሌንማ ስቃብኛለች፣ “አክስቴ፣ ላይክ፣ ሰባት ጄኔሬሽን? ማነው ትራክ የሚያደርገው?” ነበር ያለችኝ።

ዓርብ ጠዋት ወጣን። ታደለ ይነዳል፣ ከኋላ አራት የበረዶ ሳጥን ሙሉ ወጥ ተጭኗል፣ ሜከን ከተማን አልፈን ወደ ባሕሩ የሚወስደው መንገድ ውስጥ ከገባን በኋላ ከጥድ በቀር የሚታይ ነገር የለም፣ ግራም ጥድ፣ ቀኝም ጥድ። ታደለ ሬስት ኤሪያ የሚሉትን የመንገደኛ ማረፊያ ሲያይ “ፓርክ ላድርግና በረዶውን ቼክ ላድርገው” አለ፣ በረዶው ሰበብ ነው፣ ኮካ አምሮት ነው፣ ስኳር በሽታ ስላለበት እኔ ፊት አይጠጣም።

እዚያ ሁለት አውቶቡሶች ቆመዋል፣ ትንሹም ትልቁም አንድ ዓይነት ሐምራዊ ቲሸርት ለብሶ ሣሩ ላይ ተበትኗል፣ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው፣ እንደኛው ለቤተሰብ መሰባሰቢያ ወደ ባሕሩ የሚወርዱ። ጥላ ፍለጋ አንድ የሲሚንቶ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ አጠገቤ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ አንዲት አሮጊት ነበረች፣ ሐምራዊውን ቲሸርት ከቀሚሷ በላይ አጥልቀውላታል፣ ነጭ ባርኔጣ አድርጋለች። የፊቷ ቀኝ ጎን ወርዷል፣ ቀኝ እጇ ተጨምድዶ ጭኗ ላይ ተጋድሟል፣ ስትሮክ መሆኑን ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ። እግሯ ከመርገጫው ተንሸራቶ ነበርና ጎንበስ ብዬ መለስኩላት፣ በእንግሊዝኛ ሰላም አልኳት፣ ዝም አለች፣ እኔም አልጠበቅሁም።

ከዚያ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። በደህናው በግራ እጇ ጥፍር የወንበሩን ክንድ ትመታለች። ትንሽ ቆየችና እጇን ዘርግታ ጣቶቿን ማጠፍ ጀመረች፣ ከትንሿ ጣት ተነሥታ አንድ በአንድ፣ እመኑኝ፣ እንደ አሜሪካኖች እያወጣች አይደለም፣ እንደኛ ሽማግሌ እያጠፈች ነው። ይህ ብቻ ቢሆን ገርሞኝ ባለፈ ነበር። ትንሿን ጣት ስታጥፍ ግን “ጸዳለ” አለች።

ሌላ ነገር ብላ ይሆናል ብዬ ጠጋ አልኩ። ሁለተኛውን አጠፈችና “በለጡ” አለች፣ ሦስተኛውን “ዘነቡ”፣ ጸ የምትባለዋን ፊደል እንኳ አላዛነፈችም፣ ከንፈሯ ግን ያን ያህል አይንቀሳቀስም። ክው አልኩ። አራተኛው “ጥሩወርቅ”፣ አውራ ጣቷ ላይ ስትደርስ “ወርቅያንጥፉ” አለች፣ እነዚህን ሁለቱን በሕይወቴ ሰምቻቸው አላውቅም።

ቀጥሎ የሆነውን ለታደለም ቢሆን አስተካክዬ መናገር አልቻልኩም። የተጨመደደው ቀኝ እጇ ተዘረጋ። እንዲህ ያለ እጅ በየቀኑ አጥባለሁ፣ ጣቶቹን ለመክፈት ሞቅ ያለ ፎጣና ግማሽ ሰዓት ትዕግሥት ይፈልጋል፣ የእሷ ግን እንደ ሕፃን እጅ ተከፈተ፣ ከዚያም ከትንሿ ጣት ጀምራ ማጠፍ ቀጠለች፣ “አስካለ፣ ሙሉነሽ፣ የሺመቤት፣ አሰገደች”፣ አውራ ጣቷ ጋ ስትደርስ ደግማ “ወርቅያንጥፉ” አለችና ሁለቱን አውራ ጣቶች አገናኘቻቸው። አስካለ የናትናኤል እናት ናት።

“ማነሽ አንቺ?” አልኳት በአማርኛ። ዓይኗ ጥዱ ላይ ነበር፣ እኔን አላየችኝም።

አንዲት አርባ ዓመት የሚሆናት ሴት ውኃ ይዛ መጣች፣ የልጅ ልጇ ናት፣ ደግ ፊት አላት። ምን ብዬ እንደጠየቅኋት አሁን ሳስበው ያስቀኛል፣ አያትሽ ኢትዮጵያ ኖራ ታውቃለች ወይ አልኳት፣ ከጆርጂያ የወጣችው አንዴ ወደ ፍሎሪዳ ብቻ መሆኑን ነገረችኝ። አሁን ያናገረችኝን ስነግራት ፈገግታዋ ጠፋ፣ አያቷ ከታመመች ሁለት ዓመት እንደሆናትና ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል ከአፏ እንዳልወጣ በቀስታ አስረዳችኝ፣ ለኔ ያዘነችልኝ ይመስላል። ቀኝ እጇን ተመለከትኩ፣ ተጨምድዶ ቦታው ላይ ነው። አስፈቅጄ በሥራዬ እንደማደርገው ጣቶቹን ልከፍት ሞከርኩ፣ ድርቅ ያለ ነው፣ ማስመሰልን ከመድረቅ መለየት ደግሞ አያቅተኝም።

መኪና ውስጥ ታደለ ምን ስትቆጥሪ ነበር አለኝ። እኔ አይደለሁም፣ ሴትየዋ ናት አልኩት። ኮካውን ሊገዛ ቬንዲንግ ማሽኑ ጋ ቆሞ እንደሰማኝ፣ ድምፁ የኔ እንደነበር፣ ጣቶቼን እያጠፍኩ የሴት ስም ስጠራ እንዳየኝ ማለ። ታዲያ የማላውቀውን ስም ከየት አምጥቼ ጠራሁት? ምናልባት ልጅ ሆኜ ዘነቡ ስትቆጥር ሰምቼ ይሆናል እንበል፣ ይሁን፣ የናትናኤልን እናት ወገን ማን ነገረኝ? ሳቫና እስክንገባ ይህን ሳገላብጥ ቆየሁ፣ ታደለም ሬዲዮውን ዘጋልኝ።

የተከራዩት ቤት ስንደርስ በዘመድ ጢም ብሎ ነበር፣ ብሌን ባዶ እግሯን ሮጣ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ወይዘሮ አስካለ ወጥ ቤት ቲማቲም ትከትፋለች፣ አጠገቧ ቆሜ ሰላጣ እያጠብኩ ስለ አየሩ፣ ስለ መንገዱ አወራንና እንደ ዋዛ አድርጌ የእናትዎ ስም ማን ነበር አልኳት። ሙሉነሽ አለችኝ። የእሳቸውስ እናት? የሺመቤት። ቧንቧውን ዘጋሁት። ከእሳቸው በላይስ ስላት ቢላዋዋ ቆመ፣ ቲማቲሙን እያየች ከዚያ ወዲያ እንደማታውቅ ነገረችኝና መክተፏን ቀጠለች፣ ያለወትሮዋ በጣም አደቀቀችው።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ብናገር ምን እላለሁ? በሐምራዊ ቲሸርት የምትሄድ ዲዳ አሜሪካዊት ሰባት ቤት ቆጠረችልኝ ልበል? ዝም ብል ደግሞ፣ እውነት ሆኖ ቢገኝስ፣ ልጅቷን ገደል የከተትኳት እኔ ነኝ፣ መጀመሪያ ሳላውቅ ንጹሕ ነው ያልኩት እኔ ነኛ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፣ አንዴ ከተናገርኩ ሰርጉ ቀርቶ ሁለት ቤተሰብ ይበተናል፣ ነገሩ የኔ ቅዠት ቢሆን እንኳ የሚመልሰው የለም።

በማግሥቱ ጠዋት ቄሱ ሥርዓቱን ከመጀመራቸው በፊት ሁለቱን ወገን ወደ ጎን ጠሩን። የሙሽራውን አባት ጠየቁ፣ የብሌንን አባት ጠየቁ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና “ወይዘሮ ዘውዴ፣ በእናቷ በኩልስ ተቆጥሯል?” አሉኝ። ብሌን በሩ ጋ ነጭ ልብሷን ሰብስባ ቆማለች፣ ለምን እንደዘገየን ስላልገባት በዓይኗ ምን ሆናችሁ ትለኛለች፣ በስድስት ዓመቷ ከእናቷ ቀብር ስንመለስ በመኪናው መስተዋት ያየችኝ አስተያየት ነው፣ ሌላ ምንም አልልም።

“ተቆጥሯል፣ አባ” አልኩ። ሆድ ይፍጀው አልኩና ገባን።

ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ዳር፣ ከእንጨት በተሠራው ወለል ላይ ጭፈራው ደራ። ወይዘሮ አስካለ ከተዋወቅን ሁለት ዓመት ሙሉ አንቱ ስትለኝ የኖረች ሴት ናት፣ መጥታ እጄን ይዛ ወደ መሐል አስገባችኝ፣ ትከሻዋን እየሰበቀች፣ ለካሜራው እየሳቀች ተጠጋችኝና ጆሮዬ ሥር “ለአንቺም ነገሩሽ?” አለችኝ።

 ማን ብዬ ጠየቅኋት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደግሜ ጠየቅኋት፣ እሷ ግን ልጇን አቅፋ ዞራ ነበር። ከዚያ ወዲህ በበዓሉም በዘመድ ልጆች ክርስትናም ስንት ጊዜ ተገናኝተናል፣ አንድም ቀን አላነሣችውም፣ እኔም አላነሣሁትም፣ ማን ነገራት፣ የት፣ በምን ቋንቋ፣ መጠየቅ እፈልግና መልሱን ሳስበው እተወዋለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ብሌን ደውላ ማርገዟን ነገረችኝ። በደስታ እልል አልኩ፣ ታደለም ከሳሎን ምን ሆንሽ ብሎ ሮጦ መጣ። ስልኩን እንደዘጋሁ ወዲያው ጠራ፣ ወይዘሮ አስካለ ናት። ሃሎ አልኳት፣ ሃሎ አለችኝ፣ ከዚያ ትንፋሿ ብቻ ይሰማኛል።

“እንኳን ደስ አለን” አለችኝ በመጨረሻ።

“እንኳን አብሮ ደስ አለን” አልኳት፣ ስልኩን ማን ቀድሞ እንደዘጋው አላስታውስም።