ዝቅ ያለው መስኮት

ግድግዳው በክሬኑ ገመድ ተንጠልጥሎ ከፖም ዛፉ በላይ ሲያልፍ ሄድቪግ ትንፋሿን ያዘች። መስኮቱ ከነመስታወቱ፣ ከነነጭ ክፈፉ ተገጥሞለታል። ከፋብሪካ የሚመጣ የእንጨት ግድግዳ እንዲህ ነው፤ ሁሉ ነገር አልቆለት ነው የሚደርሰው። የእሷም ጣጣ ይኸው ነበር፤ ያለቀ ነገር አይለወጥም።

ይህ የአያቷ ክፍል ግድግዳ ነው። መስኮቱ ትንሽ ነው፤ የተቀመጠውም ከፍ ብሎ ነው። ግቢው ውስጥ ካለው ሰው የየትኛው ክፍል ግድግዳ እንደሆነ ገና ማንም አልለየም፤ መሆን የነበረበት እንዲህ እንዳልነበረ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

አያቷ አልጎት ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጣል አድርገው ያያሉ። አርባ ዓመት አናጢ ነበሩ። ልጃቸው፣ የሄድቪግ እናት፣ «የፋብሪካ ቤት እናዛለን» ስትላቸው ሳምንት ሙሉ አኩርፈው፣ «እንግዲህ በስተርጅና ካርቶን ውስጥ ልገባ ነው» ሲሉ ከርመዋል። ዛሬ ግን አፋቸውን ከፍተው ቀርተዋል። ጠዋት ባዶ ወለል የነበረው ቦታ፣ ገና ምሳ ሳይደርስ፣ ቤት ቤት መምሰል ጀምሯል።

«እስቲ ያንን ውሃ ልክ አቀብዪኝ» አሏት።

በክራንቻቸው ተደግፈው ሄዱና ማዕዘኑ ላይ ለጠፉት። አረፋዋ ከመሀል ንቅንቅ አላለችም። በሌላው ጎንም ለኩ፤ ያው ነው።

«አይድከሙ አባባ» አለች ቴክላ፣ የገጣጣሚዎቹ አለቃ። «ግድግዳው ፋብሪካ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ፣ ጣሪያ ሥር ነው የተሠራው። ዝናብ አልነካውም፤ የሠራውም ሰው ጣቱ አልቀዘቀዘም። ዛሬ ማታ የቤቱ ጣሪያም ላዩ ላይ ይሆናል።»

«እኔማ የድሮውን ቤት ሁለት ክረምት ፈጅቼበታለሁ። እንጨቱ በረዶ ጠጥቶ፣ ሲደርቅ ተጣመመ። የኩሽናው በር እስከ ዛሬ አልዘጋም እንዳለ ነው። ይሄ ወገቤስ የት የቀረ መሰለሽ?»

«እና ካርቶን ነው?» አለች ቴክላ፤ ወሬው እሷም ጋ ደርሷል።

«ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ» አሉ እየሳቁ።

ሄድቪግ አልሳቀችም። መጋቢት ላይ ፋብሪካው የመጨረሻውን የቤቱን ንድፍ ልኮ ነበር። እናቷ ሥራ በዝቶባት፣ «አንዴ እይውና አጽድቂው» ብላ ኮምፒውተሩን ሰጠቻት። በዚያ የቤት ዓይነት ዝቅ ያለ ትልቅ መስኮት የሚፈቀደው አንድ ብቻ ነው። እሱንም አያቷ ለእርጅናዬ ብለው ነበር የጠየቁት፤ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሐይቁን እንዲያዩበት። ሄድቪግ ግን የመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን ዘርግታ ስታነብ ራሷ ታየቻት። ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት ጊዜ ጠቅ አደረገች፤ መስኮቱ ወደ እሷ ክፍል ዞረ። ያኔ አልጎት እንጨት የሚፈልጡ ሰው ነበሩ። ነሐሴ ላይ ግን ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ግድግዳው ያን ጊዜ ተሠርቶ መጋዘን ገብቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ መስኮቱ ባነሡ ቁጥር ሰበብ ፈልጋ ትወጣ ነበር።

ግድግዳዎቹ ሁሉ ሲቆሙ እናቷ ለሠራተኞቹ የአተር ሾርባ መጨለፍ ጀመረች፤ ቀኑ ሐሙስ ነው፣ ሐሙስ ደግሞ በአገሩ ልማድ የአተር ሾርባ ቀን ነው።

«ከሾርባው በፊት ክፍሌን ልይ» አሉ አልጎት።

ሄድቪግ ወንበሩን ይዛ ተከተለቻቸው። ዘርግታ አስቀመጠቻቸው። አልጎት ቀና አሉ። ሰማይ አዩ። አንገታቸውን ሳብ አድርገው ሞከሩ፤ አሁንም ሰማይ ነው።

«ሐይቁ የታለ?»

እናቷ ጭልፋውን እንደያዘች ገባች። መስኮቱን አየች፤ አባቷን አየች። «ምንድን ነው ይሄ? ዝቅ ያለው እኮ እዚህ ነው ያልነው።»

ቴክላ ወረቀቷን ገልጣ ፊቷ ቀላ። «ንድፉ ላይ ያለው እንዲህ ነው። ፋብሪካው የተሰጠውን ነው የሚሠራው። ግን ንድፍ ክፍል አዲስ የገባ ልጅ አለ፤ እሱ አዛብቶት ይሆናል። አሁኑኑ እደውላለሁ።»

«ቆርጣችሁ ዝቅ አድርጉታ።»

«እሱማ አይሆንም። ውስጡ ምሰሶ አለ፣ ሙቀት የሚይዘው አለ፣ እርጥበት የሚከለክለው ላስቲክ አለ። ሁሉም አንድ ላይ ታሽጎ ነው የመጣው። ከቆረጥነው ደህናውን ቤት ነው የምናበላሸው።»

«ማሽን ድሮስ ማሽን አይደል» አሉ አልጎት። ሊቀልዱ ነበር፤ ድምፃቸው ግን እንቢ አላቸው።

ቴክላ ስልኳን አወጣች። ሄድቪግ ዝም ብትል በቃ፣ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ያንን ልጅ አታውቀው፣ አያውቃት። ቴክላ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ስታደርግ ግን ሄድቪግ ክንዷን ያዘቻት።

«አይደውሉ» አለች። «እኔ ነኝ የቀየርኩት። ለራሴ ፈልጌው ነው።»

«ሄድቪግ!» አለች እናቷ፣ ጭልፋውን ዝቅ አድርጋ።

አልጎት የልጅ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩዋት። ሁልጊዜ ለእሷ የሚያደሉ ሰው ናቸው፤ እንዲህ አድርገው አይተዋት አያውቁም።

«ስወድቅ እንኳ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዳይጠሉኝ ፈርቼ።»

«አንቺን? ሞኝ ነሽ እንዴ? ግን ተናድጃለሁ። ዛሬ ሙሉ ቀን እናደዳለሁ፤ ነገም ሳልናደድ አልቀርም። ዕወቂው።»

«እሺ» አለች ሄድቪግ፤ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «አሁን ግን ይነሡ፣ አባባ።»

ወንበሩን አጣጥፋ ፊት ፊታቸው ሄደች። የጥጉ ክፍል ሰፊ ነው፤ ወደ አትክልቱ የሚያስወጣ የራሱ በር አለው። ስድስት ወር ሙሉ አልጋዋን የት እንደምታደርግ፣ መጽሐፎቿን የት እንደምትደረድር ስታስብ የኖረችው እዚህ ነው። ወንበሩን ከዝቅተኛው መስኮት ፊት ዘረጋችው። አልጎት ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሐይቁ ሙሉውን ተዘርግቶ ታየ፤ መቃው፣ ጀልባው፣ ከማዶ ያለው የጥድ ጫካ። እጃቸውን ደፉ ላይ አሳርፈው ብዙ ቆዩ።

«ይሄ ያንቺ ክፍል አይደለም እንዴ?»

«ሆኖ አያውቅም።»

«አንቺስ ሐይቁን በምን ታዪዋለሽ?»

«እኔ ቆሜ አያለሁ።»

አልጎት እጇን ሳብ አድርገው ያዙና ወደ ውሃው መመልከታቸውን ቀጠሉ። እሷም እስኪለቋት አጠገባቸው ቆመች። ከዚያ ወደ ቴክላ ወጣች።

«ወረቀቱ ላይ የክፍሎቹን ስም መቀየር ይቻላል?»

«ስሙስ ይቻላል» አለች ቴክላ፤ ከጆሮዋ ላይ እርሳሷን አንሥታ ሰጠቻት።

ሄድቪግ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከጥጉ ክፍል ላይ የራሷን ስም ሰረዘች።