ስልሳ ዜሮ

«ስልሳ ቀን፣ ስልሳ ዜሮ?» አለች ዶክተር ጁማና ደብተሩን እያገላበጠች። «አፍንጫዎ አንድም ቀን አልታፈነም?»

ጣቢታ አቀረቀረች። እናቷ ብርሃነሽ ግን አፏን ከፍታ እየተነፈሰች ፈገግ አለች።

«ጌታ ይመስገን» አለች። ድምጿ ከማሰሮ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል።

ብርሃነሽ ሰበታ ውስጥ ክር ፋብሪካ መሥራት ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አፍንጫዋ ውስጥ ሥጋ እየበቀለ ሁለት ጊዜ በቀዶ ጥገና ወጥቶላታል፤ ሁለቴም ተመልሶ በቅሏል። ዶክተር ጁማና ይህን የምታጠና ተመራማሪ ናት። ከሁለት ወር በፊት ለጣቢታ እንዲህ ብላ አስረድታት ነበር፦ «ሰውነታችን ዘበኞች አሉት። የእናትሽ ዘበኞች የጥጥ ብናኙን ሌባ ነው ብለው ያለ ዕረፍት ይዋጋሉ። ሥጋው የሚያብጠው በጠቡ ነው።» ከዚያም አፍንጫ ውስጥ የሚነፋ መድኃኒትና ደብተር ሰጠቻቸው። ሕመሙ ከዜሮ እስከ አሥር በየማታው መመዝገብ አለበት። ብርሃነሽ ብዙም ስለማታነብ መዝጋቢዋ የዘጠነኛ ክፍሏ ጣቢታ ሆነች።

ሥራው ቀላል ነበር። «እማ፣ አፍንጫሽ እንዴት ዋለ?» ትላለች። «ደህና ነው፣ ጌታ ይመስገን» ትባላለች። ዜሮ። ሕመሙን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ሰበታ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ለብርሃነሽ ግን «አመመኝ» ማለት ጌታን ማማት ነው። አንድ ቀን ጎረቤታቸው ሶፊ «ኧረ ምን እየተቃጠለ ነው?» እያለች ስትሮጥ መጣች። ብርሃነሽ ከሚያረው ሽሮ አጠገብ ቆማ መዝሙር ትዘምር ነበር። ጣቢታ ያን ቀንም ዜሮ ጻፈች።

«የአፍንጫዎ ናሙና ጠቡ እንደባሰበት ነው የሚያሳየው» አለች ዶክተሯ። «የሚሰማዎት ግን እርስዎ ነዎት። ደብተሩን አምኜ ከተሻላቸው ጋር መደብኩዎት። ካልተሻላቸው ውስጥ ሦስቱ ጠቡን የሚያበርደውን አዲስ መርፌ ጀምረዋል። ያለን ያው ሦስት ነበር፣ አለቀ።»

ጣቢታ ካቀረቀረችበት ቀና አለች። መርፌ! አንዱ እኮ የእናቷ ነበር።

«የተጻፈው እውነት ነው ብለሽ እዚህ ጋ ፈርሚ» አለቻት ዶክተሯ። «ከፈረምሽ እናትሽ በሚነፋው ይቀጥላሉ፣ እኔም እየመጣሁ አያቸዋለሁ። ስህተት ካለው ግን ደንቡ አይፈቅድም፣ ከጥናቱ ይወጣሉ።» ስልኳ ጠራና ወደ ደጅ ወጣች።

«ፈርሚ እንጂ ጣቢቴ» አለች ብርሃነሽ በሹክሹክታ።

«እማ፣ ፎርጅድ ነው እኮ! ሽሮው ሲያር እንኳ አልሸተተሽም!»

«ከአዲስ አበባ ድረስ ለእኔ ብላ ትመላለሳለች። አልተሻለኝም ብዬ ላሳፍራት?»

ጣቢታ በእናቷ ተናደደች። በራሷ ደግሞ ይበልጥ፤ እስክሪብቶው በእሷ እጅ ነበር። ብትፈርም የማይሠራው መድኃኒት ሠራ ተብሎ ይጻፋል፤ ነገ ክር ክፍል ላሉት ሴቶች ሁሉ ይሰጣል። ባትፈርም እናቷ የቀራትን አንድ ሐኪም ታጣለች። መርፌው እንደሆነ በየትኛውም አይመለስም።

ዶክተሯ ተመለሰች። «ጨረስሽ?»

ጣቢታ ወደ እናቷ ዞረች። «እማ፣ ዛሬ አፍንጫሽ እንዴት ዋለ?»

ብርሃነሽ ዶክተሯን አየች፣ ልጇን አየች። «ደህና ነው» አለች። «ጌታ ይመስገን።»

ጣቢታ ጠበቀች። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው በአፍ የሚሳብ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ብርሃነሽ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ዶክተር፣ ይቅርታ» አለች ጣቢታ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። የፊርማውን ቦታ ባዶ ትታ የመጨረሻው ዜሮ ላይ መስመር አሰመረችበት።

ዶክተር ጁማና ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። ጣቢታ ገጹን ገለጠች። ገና ሃምሳ ዘጠኝ ዜሮ ይቀራታል።