የአርጂያ ማኅተም

እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ፲፱፻፶፫ ዓ.ም. ሚያዝያ ሃያ ሁለት፣ ዕለቱ ረቡዕ፣ የፖ ወንዝ ሜዳ እስከ ቀትር በጉም ታፍኖ ዋለ፤ በሞዴና ከተማ ዳር በሚገኘው የካዛሪ የእሽቅድምድም መኪና ፋብሪካ ግን ሰማዩን ቀና ብሎ ያየ ሰው አልነበረም። እሑድ ማለዳ የሺህ ማይሉ ውድድር ከብሬሺያ ይነሳል፤ መሐንዲሶቹ ዓመት ከመንፈቅ የደከሙባት፣ ከአምናዋ በአርባ ኪሎ የቀለለችው ቀይ መኪናም ከትናንት በስቲያ በካሚዮን ተጭና ሄዳለች።

አርጂያ ሞንቶርሲ በምርመራ ክፍሏ ብቻዋን ነበረች። ወንዶቹ ለጦርነት ሲዘምቱ በባሏ ቦታ የገባች፣ ባሏ ሳይመለስ ሲቀርም በዓይኗ ጥራት እዚያው የጸናች የአርባ ስድስት ዓመት ሴት ናት፤ ከቀጥቃጮቹ እጅ የወጣ ብረት ሁሉ በእሷ ጠረጴዛ አልፎ፣ የስሟን ሁለት ፊደላት የያዘው ማኅተም ካልተመታበት መኪና ላይ አይገጠምም ነበር። ያን ዕለት በፊቷ የነበሩት መሪውን ከፊት ጎማዎች ጋር የሚያያይዙ ሁለት የብረት ክንዶች ናቸው። በየካቲት አራት ሆነው ባንድ ቀን ተሠርተው መጡ፤ መሐንዲሱ በር ላይ ቆሞ ቢያጣድፋት በዓይኗ ብቻ አይታ አራቱንም አተመቻቸው፤ ሁለቱ መኪናዋ ላይ ተገጠሙ፤ ሁለቱ ለመጠባበቂያ ቀሩ። ያ ጥድፊያ ሁለት ወር ሙሉ እንደ እሾህ ሲወጋት ከርሞ፣ ዛሬ መጠባበቂያዎቹን ከመደርደሪያ አወረደቻቸው፤ በሞቀ ላምባ ነከረቻቸው፤ ወልውላ አደረቀቻቸው፤ የተፈጨ ጠመኔ ነስንሳባቸው፣ በስንጥቅ የገባ ላምባ ካለ ወጥቶ ጠመኔውን እስኪያጠቁረው ጠበቀች።

ባንደኛው ላይ፣ ክንዱ በሚታጠፍበት ቦታ፣ ከነጩ ጠመኔ ሥር ፀጉር የመሰለ ጥቁር መስመር ቀስ እያለ ብቅ አለ።

ጠርጋ ደገመችው፤ መስመሩም ተደገመ። ያን ጊዜ ብረቱን ይዛ ወደ ቀጥቃጮቹ ክፍል ሄደች።

ታናሽ ወንድሟ ኑሎ የቀጥቃጮቹ አለቃ ነበር። ብረቱን ስታሳየው ገና ሳይነካው ፊቱ ተለወጠ።

«በምን አቀዘቀዝካቸው?»

«በዘይት ነዋ! በምን ላቀዘቅዛቸው ኖሯል?»

«ኑሎ፣ እኔ እኮ እህትህ ነኝ።»

መዶሻውን አስቀመጠ። «ያን ሳምንት ዘይቱ አልመጣም። መሐንዲሱ ደግሞ ዛሬ ካልደረሰ ሞቼ እገኛለሁ አለ። በውሃ አጠለቅኳቸው። ለብ ያለ ነበር፤ በማርያም፣ ለብ ያለ ውሃ ነበር!»

«የጋለ ብረት ባንዴ ሲቀዘቅዝ እንደሚሰነጠቅ ያስተማርከኝ አንተ ነህ።»

«ከተናገርሽ አለቀልኝ። አራት ልጅ ይዤ የት እገባለሁ? ደግሞስ መኪናዋ ላይ ያሉት ደህና ይሆናሉ፤ ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ተነድታ የለም እንዴ?»

«ይሆናሉ» አለች አርጂያ፤ «ይሆናሉ እያሉ ሰው ይሳፈርባታል?»

ሐሙስና ዓርብ የፋብሪካው ጌታ ወዳረፉበት የብሬሺያ ሆቴል ደወለች፤ ጌታው ወጥተዋል ከማለት ሌላ የመለሰላት የለም። ቅዳሜ በመጀመሪያው ባቡር ተሳፈረች፤ የተሰነጠቀውን ክንድ በሽርጧ ጠቅልላ ጭኗ ላይ እንደ ሕፃን አቅፋዋለች። በባቡሩ ውስጥ ወሬው ሁሉ ስለ ውድድሩ ነበር፤ ፊት ለፊቷ የተቀመጠች ሴት ዳቦና ሞርታዴላ እየቆረሰች፣ «ከሚወዳደሩት ዘመድ አለሽ?» ብትላት፣ ከአርጂያ አፍ ያልታሰበ ቃል ወጣ፤ «ሁሉም።»

በብሬሺያ አደባባይ ሕዝቡን በክርኗ እየገፋች ቀይዋን መኪና አገኘች። የፋብሪካው ጌታ፣ በማዕረጋቸው ኮሜንዳቶሬ የሚባሉት ሌአንድሮ ካዛሪ፣ በአጠገቧ ቆመዋል፤ መኪና ገዥዎች ሁሉ የእሑዱን ውጤት ይጠብቁ ነበርና እሳቸውም እንቅልፍ ከቀመሱ ሰንብተዋል።

«ሲኞራ አርጂያ! ምን እግር ጣለዎት?»

ሽርጧን በኮፋኖው ላይ ፈታች። ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው።

«በውሃ ያቀዘቀዘው ማን ነው?»

«ወንድሜ። ያሳለፍኳቸው ግን እኔ ነኝ።»

ነጂው ኦዶኔ ቢዚ ከት ብሎ ሳቀ። «አያቴም በሾርባ ሳህኗ ላይ ስንጥቅ ይታያት ነበር፤ ዘጠና ዓመት በላችበት!» መካኒኮቹ ሲስቁ እሱ ግን ሳቁን ዋጠ። «ሲኞራ፣ አርባ አንድ ዓመቴ ነው። ሁለት ጊዜ ሦስተኛ ወጥቻለሁ። እንዲህ ያለች መኪና ዳግመኛ አላገኝም። የምሞት እንደሆነ እኔ ልሙት፤ እርስዎ ምን ቤት ነዎት?»

«ቁልቁለት ላይ መሪው ባዶውን ቢዞርብህ፣ ልጆቻቸውን ይዘው መንገድ ዳር የቆሙት ምን ቤት ናቸው?»

ኮሜንዳቶሬውም መኪናዋን ወደ ጎረቤት ጋራዥ አስወስደው ሁለቱን ክንዶች አስፈቱ። አርጂያ ነከረች፣ ወለወለች፣ ጠመኔውን ነሰነሰች። ከአደባባዩ የማርሽ ባንድ ይሰማል። ግማሽ ሰዓት አለፈ፤ ሌላም ግማሽ ሰዓት። ጠመኔው ነጭ እንደሆነ ቀረ።

«ይኸው!» አለ ኦዶኔ እያጨበጨበ፤ «እንደ ሙሽራ ቬሎ!»

«ደህና ናቸው ማለት ነው?» አሉ ኮሜንዳቶሬው።

«አልታየኝም፤ የለም ግን አልልም። ሁለት ወር ቅባት ጠጥተዋል፤ ስንጥቅ ቢኖር ቅባቱ ደፍኖታል።»

«ማኅተምዎን ይዘዋል?»

«ይዣለሁ።»

«አሁን ገና ከቀጥቃጭ እጅ እንደመጡ ይቁጠሩልኝ። ይመቱባቸዋል?»

አርጂያ የኑሎን ልጆች አሰበች፤ የፋብሪካውን መቶ ሃያ ሠራተኛ አሰበች፤ ተሳስታም እንደሆነ ያን ሁሉ እንጀራ ያቋረጠች እሷ መሆኗን አሰበች።

«አልመታም።»

ሽማግሌው ቀብር ላይ እንደቆመ ሰው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «መኪናዋን ጫኑ፤ ወደ ሞዴና ትመለስ» አሉ።

«ይቺ ሴት ቀበረችኝ!» ብሎ ጮኸ ኦዶኔ፤ የራስ ቁሩን ግድግዳው ላይ ወርውሮ ወጣ።

ለጋዜጠኞች ኮሜንዳቶሬው «መኪናዬ አልተዘጋጀችም» ከማለት በቀር ቃል አልጨመሩም፤ የኑሎንም ስም አላነሱም። በማግሥቱ አንድ ጋዜጣ «ካዛሪ ዝናብ ፈራ» ብሎ ቀለደባቸው።

ሰኞ ዕለት ኑሎ፣ እህቱ ቆማ እያየች፣ ከመኪናዋ የተፈቱትን ክንዶች ተራ በተራ ብረት አጣብቆ በሚይዘው ሞርሳ አስሮ በመዶሻ መታ። የመጀመሪያው አሥራ አንድ ጊዜ ተመትቶ ጎበጠ እንጂ አልተሰበረም። ሁለተኛው በሦስተኛው ምት እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ፤ ስብራቱ እስከ መካከሉ ድረስ ቀድሞ የተሰነጠቀ ስለነበር በአሮጌ ቅባት ጠቁሮ፣ የሚያበራው ቀሪው ብቻ ነበር። ኑሎ መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እህትና ወንድም ስብራቱን ይዘው ቢሮ ሲገቡ ኮሜንዳቶሬው ለረጅም ጊዜ አዩት፤ መሳቢያቸው ውስጥ ቆለፉበት። «ለኦዶኔ አይነገረው» አሉ፤ «ይህን ካየ ዳግመኛ መሪ አይጨብጥም።»

ፋብሪካው ሁለት ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ፤ ገዥዎቹ ወደ አሸናፊዎቹ ሄደው ነበርና። የውድድሩ መዝገብ ስለ ካዛሪ መኪና የያዘው «አልተነሳችም» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። ታሪክ ያሸነፉትን በወርቅ፣ የሞቱትን በእምነበረድ ይጽፋል፤ ሳይሞቱ ለቀሩት ግን ምን ብሎ ይጻፍላቸው? መትረፋቸውን እነሱ ራሳቸውም አያውቁትም።

ኦዶኔ ቢዚ በሬጂዮ ጎማ እየሸጠ እስከ ሰማንያ ሦስት ዓመቱ ኖረ፤ አርጂያን ይቅር ሳይላትም ሞተ። በሕይወት ሳለ፣ አንድ የገበያ ቀን የልጅ ልጁን ትከሻው ላይ ተሸክሞ ሲመጣ አየችው፤ እሱም አይቷት ፊቱን አዞረና ወደ ማዶው መንገድ ተሻገረ። እሷም ቆማ፣ ልጁ የአያቱን ጆሮ ይዞ ሲስቅ ከዓይኗ እስኪሰወር ድረስ ተመለከተችው።