ወይዘሮ ጸዳለና የነሐሷ ልጃገረድ

ለንደን ውስጥ በካሌዶኒያን ሮድ፣ በአንድ የመንግሥት ኪራይ ቤቶች ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አርባ አምስት ዓመት የዘለቀ ትዳር በአንዲት ፈረንሳዊት ምክንያት ሊፈርስ ደረሰ። ፈረንሳዊቷ ነፍስ የላትም፤ ቁመቷ ከጉልበት አያልፍም፤ ከመቶ ዓመት በፊት ፓሪስ ውስጥ ከነሐስ የተሠራች ሐውልት ናት። የብረት ልብስ ለብሳ፣ ጎራዴ ይዛ፣ ሽቅብ ወደ ሰማይ ታያለች። አቶ ሳህሌ ከሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ የጽዳት ሥራቸው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ለአንዲት ፈረንሳዊት አሮጊት ጎረቤታቸው አስቤዛ ይገዙላቸው ነበር፤ አሮጊቷ ሲሞቱ ሐውልቷን በኑዛዜ ተዉላቸው።

«ማን ናት?» አሉ ወይዘሮ ጸዳለ።

«ዣን ዳርክ። ጦር መርታ አገሯን ያዳነች ጀግና።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ ሳህሌ ጠዋት ጠዋት ፊቷን በለስላሳ ጨርቅ እየወለወሉ «እንዴት አደርሽ የኔ ቆንጆ» ይሏታል። ሲበርድ ከመስኮቱ ዘወር ያደርጓታል። ወይዘሮ ጸዳለ ከወጥ ቤት ሆነው ይሰማሉ። ይህን ሁሉ ዓመት «ቆንጆ» የሚለው ቃል በባላቸው አፍ ውስጥ መኖሩን ማን ያውቅ ነበር? በስተርጅና ጣውንት... ያውም የማትበላ፣ የማትጠጣ፣ የማታረጅ ጣውንት! አለቀሱ፤ ወጡ ላይ ጨው አበዙ፤ መኝታ ለዩ። ልጃቸው ራኬብ ደውላ «ማሚ፣ ሰው በሐውልት ይቀናል? ዲስ ኢዝ ክሬዚ» ብትላቸው፣ «አንቺም የአባትሽ ወገን ነሽ» ብለው ስልኩን ዘጉባት።

አቶ ሳህሌ የዓይናቸውን ሞራ ሊያስገፍፉ ሆስፒታል በሄዱበት ቀን፣ ወይዘሮ ጸዳለ ጣውንታቸውን በገበያ ጋሪ ጎትተው ፊንስበሪ ፓርክ ላለ፣ ያገለገለ ዕቃ ለበጎ አድራጎት ለሚሸጥ የቻሪቲ ሱቅ ሰጡ። ባልየው አንድ ዓይናቸው ተሸፍኖ ተመለሱ። በሌላው ባዶውን ጠረጴዛ አዩ። አልተቆጡም፤ ካፖርታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ተቀምጠው አለቀሱ።

«ለአንዲት ፈረንጅ ነው እንዲህ የምትሆነው?»

«ጠላቶቿ በእሳት ሲያቃጥሏት አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤» አሉ አቶ ሳህሌ። «አይናለምም አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።»

አይናለም የመጀመሪያ ልጃቸው ነበረች። እዚሁ ለንደን፣ በደም ካንሰር ከሞተች ሃያ ሦስት ዓመት ሆናት። ባል ሚስቱን እንዳያሳምም፣ ሚስት ባሏን እንዳታሳምም ስሟ በዚያ ቤት ተነሥቶ አያውቅም። እያንዳንዳቸው ሌላው የረሳ ይመስላቸው ነበር...

ወይዘሮ ጸዳለ በነጠላ ጫማ ወጡ። ሱቁ ሲደርሱ አንድ ጎልማሳ ሐውልቷን እያነሣ፣ ለበር ማስደገፊያ ትበቃ እንደሆነ ክብደቷን በእጁ ይመዝን ነበር። ከእጁ ነጠቁት። «ሺ ኢዝ ማይ ዶተር፣ ልጄ ናት!» አሉት። ሰውዬው ወደ ኋላ ሸሸ።

በነጠላቸው አዝለው አውቶቡስ ገቡ። አንዲት ሴት ቦታ ለቀቀችላቸውና ስንት ወሯ እንደሆነ ጠየቀች።

«ናይንቲን፤» አሉ ወይዘሮ ጸዳለ።

«እንዴት ጸጥ ያለች ልጅ ናት፤» አለች ሴትዮዋ በእንግሊዝኛ። ወይዘሮ ጸዳለ እስኪወርዱ ድረስ እንባቸው አላቆመም።

በዚያን ቀን ባልና ሚስት የልጃቸውን ስም ጮክ ብለው ጠሩ። ከአልጋ ሥር ሻንጣ ጎትተው ፎቶግራፎቿን አወጡ፤ ወጥ ያሳረረችበትን ቀን አስታውሰው እያለቀሱ ሳቁ። ራኬብንም ጠርተው፣ በሕፃንነቷ የተለየቻትን እኅቷን እስኪመሽ ድረስ አወሩላት። ዕጣ ፈንታ በማን እጅ ማጽናኛ እንደሚልክ ማን ያውቃል? ለእነዚህ ሁለት ሽማግሌዎች የላከው፣ አንድም የአማርኛ ቃል በማታውቅ የነሐስ ልጃገረድ እጅ ነበር።