ለሊታራ የተባለው ምንጣፍ

ከሳሞአ ደሴቶች የተሰደደው ሰው በሚበዛበት በማንገሬ፣ አውሮፕላን ጣሪያ ለጣሪያ እየታከከ በሚያርፍበት ሰፈር፣ ፉአቲኖ የምትባል ሳሞአዊት መበለት ትኖር ነበር። ባሏ ገና በጎልማሳነቱ ሞቶባት፣ ጉልበቷን በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ቤት ጨርሳ፣ አንድ ልጇን አውኩሶን ለወግ ለማዕረግ አብቅታዋለች። በዚህ ዓለም ላይ የምትኮራበት ነገር ቢኖር ይኸው ልጇና እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን የሚነበበው ስሟ ነበር። የእነሱ ቤተ ክርስቲያን መባ የሰጠውን ሰው ስም ከሰጠው ገንዘብ ጋር ጮክ ብሎ ያነባል። ብዙ የሰጠ ከላይ፣ ጥቂት የሰጠ ከታች ይጠራል። የፉአቲኖ ስም ከላይ ከሚጠሩት ወርዶ አያውቅም፤ ፖስታውን በየሳምንቱ አሽጎ በእጇ የሚያስይዛት አውኩሶ ነው።

የልጇ ሚስት ሊታራ በሕፃንነቷ እናቷ የሞተችባት፣ በአባቷ በፔሳሚኖ እጅ ያደገች ልጅ ነበረች። ፉአቲኖ ደግሞ ሴት ልጅ አልወለደችም። ሁለቱ ሲገናኙ የጎደላቸውን ያገኙ መሰላቸው። ታሮ የሚሉትን ጎደሬ አብረው ይልጣሉ፣ ኮኮናቱን አብረው ይጨምቃሉ፣ ማታ ከጸሎት በኋላ አንዷ የሌላዋን እግር እያሸች ሰው ያማሉ። አማትና ምራት ናቸው ብትለው የማያውቃቸው ሰው አያምንህም። ታዲያ ይህን ፍቅር ምን በላው? ስርቆት? ኧረ ወዲያ! ሌባው የወሰደው ምንጣፍ ነው፤ ፍቅሩንማ የበላው ጥርጣሬ ነው።

ምንጣፉን የሠራችው የፉአቲኖ እናት ናት። በአገሯ በሳቫይ ደሴት ላይ የዛፍ ቅጠል እንደ ክር እየሰነጠቀች፣ ዓይኗ እስኪፈዝ ድረስ ለዓመታት ስትጎነጉነው ኖራ፣ እንደ ነጠላ ስስ አድርጋ አወጣችው። ጠርዙ ላይ ቀይ ላባ አለው። አንዱ ጥግ ተቀድዶ በጠማማ ስፌት ተጠግኗል፤ ስፌቱም እናትየው ዓይኗ ከጠፋ በኋላ በዳበሳ የሰፋችው ነው። እንዲህ ያለ ምንጣፍ ባረጀና በተነጨ ቁጥር ክብሩ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ፉአቲኖ በልጇ ሠርግ ቀን እንግዳው ፊት ዘርግታ፣ "እኔ ስሞት ይሄ የሊታራ ነው!" ብላ አስለቅሳቸዋለች። ከዚያ በኋላ እንደ አገሩ ልማድ ከፍራሿ ሥር አስገብታ በላዩ ትተኛ ነበር።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ፍራሹ ተጣሞ አገኘችው። ምንጣፉ የለም! ቴሌቪዥኑ በቦታው ነው፣ የጆሮ ጌጧ እንኳ ከመስታወቱ ሥር አልተነቃነቀም። በሩም አልተሰበረም። ሌላ ሰው ቢሆን "ተመስገን፣ ይሄን ብቻ ወሰደ" ይል ነበር፤ ፉአቲኖ ግን አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነገሩን ታጠነጥን ጀመር። የውጭ ሌባ ቴሌቪዥን ጥሎ አሮጌ ምንጣፍ ይወስዳል? ለፓላጊ፣ ለነጭ ሰው ማለት ነው፣ ይህ ምንጣፍ እግር መጥረጊያ ነው። ዋጋውን የሚያውቅ የአገር ልጅ ነው፤ የተቀመጠበትን የሚያውቅ ደግሞ የቤት ሰው ነው። አውኩሶ በዚያን ቀን ሥራ ነኝ ብሎ ወጥቷል። ሊታራስ? ሊታራ እርግዝናው አቅለሸለሸኝ ብላ ከስብከቱ መሃል ተነሥታ ወደ ቤት ሄዳ ነበር!

አንዴ ልብ ከጎሸ ሁሉም ነገር ምስክር ይሆናል። ሊታራ ዓይኗ አብጦ ሲታይ ፉአቲኖ "ምን አስለቀሳት?" ትላለች። ስልኳን ገልብጣ ስታስቀምጥ "ምን ትደብቃለች?" ትላለች። የማታው የእግር ማሸት ቀረ፤ ፉአቲኖ ደክሞኛል እያለች ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

የነገሩን እሳት የጫረችው ጎረቤቷና የአጎቷ ልጅ ማኬሪታ ናት።

"ፉአቲኖ! መነጽርሽን ይዘሽ ነይ እስቲ!" አለች በአጥሩ ላይ።

"ደግሞ ምን ሰማሽ፣ አንቺ ጭር ሲል የማትወጂ!"

"አልሰማሁም፤ አየሁ። ይሄ የማን ነው?"

ስልኩ ላይ የሰፈሩ ሰው አሮጌ ሶፋና የሕፃን ጋሪ የሚሸጥበት የኢንተርኔት ገበያ ተከፍቷል። ከአንድ ፍሪጅና ከአንድ ብስክሌት መካከል የእናቷ ምንጣፍ ተዘርግቶ ይታያል። ከሥሩ "ለግድግዳ ጌጥ የሚሆን" ተብሎ ተጽፏል። የሻጩ ስም የፈጠራ ነው። ፉአቲኖ ያችን ጠማማ ስፌት ስታይ ሟች እናቷ ከፍሪጅ ጎን ተገትራ ለገበያ የቀረበች መሰላት።

"አጉልተሽ እዪው፤ ኋላውን" አለች ማኬሪታ።

ከምንጣፉ ኋላ እግሩ በገመድ የታሰረ አረንጓዴ አግዳሚ ወንበር አለ። ፉአቲኖ ወንበሩን ታውቀዋለች። ሊታራን ለልጇ ልትጠይቅ በፔሳሚኖ ቤት ጋራዥ ውስጥ የተቀመጠችው እዚያ ላይ ነው።

"ሞትሽን መጠበቅ ከበዳት በይኛ!"

"አፍሽ ይቆረጥ!" አለች ፉአቲኖ። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ! ቃሉ ጆሮዋ ውስጥ ቤቱን ሠርቶ ተቀመጠ።

የዚያኑ ዕለት ማታ ጸሎቱ እንዳለቀ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

"ይሄን ወንበር ታውቂዋለሽ?"

ሊታራ ፎቶውን አየችው። ቀጥላ ባሏን አየችው፤ አስተያየቷም ረጅም ነበር። አውኩሶ የሻይ ኩባያው ውስጥ አቀርቅሮ ቀረ።

"አውቀዋለሁ፣ እማማ።"

"ምንጣፌንስ ማን ወሰደው?"

"እኔ አልወሰድኩም።"

"ታዲያ ማነው?"

"እሱን አይጠይቁኝ... እባክዎን።"

"እስክሞት መጠበቅ አቃተሽ? ያንቺ ነው ያልኩሽን ነው የሰረቅሽኝ? አውኩሶ፣ አንተስ ምን ትላለህ?"

"እኔ... እኔ ምን አውቃለሁ፣ እማዬ?"

ያን ጊዜ የሊታራ ፊት እንዴት እንደሆነ ፉአቲኖ ብታየው ኖሮ! ግን ፎቶውን እያየች ነበር። ሊታራ ልብሷን በከረጢት አድርጋ፣ በዚያ ዝናብ፣ ከገፋ ሆዷ ጋር ወጣች። ደጃፉ ላይ ዞር ብላ እንዲህ አለች፦

"እማማ፣ መድኃኒትዎን ከምግብ በኋላ ይዋጡ። በባዶ ሆድ ያምዎታል።"

ፉአቲኖ ኋላ ለማኬሪታ "አየሽልኝ ተንኮሏን፣ ደግ ለመምሰል!" ብላ ነገረቻት። ወሬው በቤተ ክርስቲያኑ ተናኘ። ሊታራ ከአባቷ ቤት ውጭ መታየት ተወች፤ ፔሳሚኖም አውኩሶን ደጄን እንዳትረግጥ አለው። የሊታራ ደም ግፊት ጨመረ፣ እግሯ አበጠ ሲባል ፉአቲኖ ሰማች። ልቧ አንዴ ብድግ አለና መልሳ አስቀመጠችው። ወይ አለመታደል! ሄዳ በሩን ብታንኳኳ ምን ነበረበት?

ምንጣፉ ግን አልተሸጠም። ዋጋው ዝቅ እያለ እዚያው ገበያ ላይ ሰነበተ። ፉአቲኖ በየቀኑ ከፍታ ታየዋለች። በመጨረሻ "እጅ ከፍንጅ ልያዛት" አለች። ማኬሪታ ለዚህ ዓይነት ሥራ የተፈጠረች ናት።

"የነጭ ሴት ስም አወጣሁና 'ለሳሎኔ ግድግዳ ፈልጌው ነበር' ብዬ ጻፍኩላት። ወዲያው መለሰች! ቅዳሜ፣ ኦታራ ገበያ፣ መኪና ማቆሚያው ጋ።"

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱ ሴቶች መስኮቱ ጉም በለበሰ መኪና ውስጥ ተቀመጡ። ፉአቲኖ ስድቡን አዘጋጅታለች፤ ሌሊቱን ሙሉ ስትመርጠው ነው ያደረችው። ከዚያ በቆሻሻ መጣያ ፕላስቲክ የተጠቀለለ ነገር በብብቱ የያዘ ሰው መጣ። ቢጫ የመጋዘን ሰደርያ ለብሷል። ፉአቲኖ ያንን ሰደርያ በእጇ ታጥበዋለች።

አውኩሶ ነበር።

ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት! ፉአቲኖ ከመኪናው ወርዳ ፊቱ ቆመች። ያ ሁሉ ስድብ የት እንደገባ አታውቅም።

"ሥራ ቦታ አይደለህም እንዴ?" አለችው።

"ሥራ የለኝም፣ እማዬ። ከገና ጀምሮ የለኝም።"

"በየጠዋቱ ለብሰህ የምትወጣውስ?"

"ባሕሩ ዳር እቀመጣለሁ።"

"ለቤተ ክርስቲያን የሰጠኸኝስ?"

"ቀለበቴን ሸጥኩ። የሥራ መሣሪያዬን ሸጥኩ። የዓመቱ ትልቁ መባ ሲደርስ የሚሸጥ አጣሁ... ስምሽ ከታች እንዲነበብ አልፈለግኩም። ነጭ ይገዛዋል፣ የኛ ሰው አያየውም ብዬ ነው።"

"ሊታራስ?" አለች ፉአቲኖ።

"ያን እሑድ ስትመለስ ምንጣፉን ይዤ አገኘችኝ። እኔ ራሴ ለእማዬ እነግራታለሁ ብዬ ዝም እንድትል አስማልኳት። አባቷ ጋራዥ ውስጥ ደብቄ ፎቶ ያነሳሁትም፣ ኋላ ተደብቄ ያወጣሁትም እኔ ነኝ። ከዚያ መናገር... መናገር አቃተኝ!"

ፉአቲኖ ፕላስቲኩን ከእጁ ነጥቃ መኪናው ውስጥ ገባች። "ወደ ፔሳሚኖ ቤት ንጂ" አለች።

ሲደርሱ ደጃፉ በጫማ ተሞልቶ አገኙት። ለእሑድ ምሳ እንኳ ይህን ያህል ጫማ አይወልቅም። ከውስጥ የዝማሬ ድምፅ ይሰማል... ሊታራ ያን ቀን ጎህ ሲቀድ በምጥ ላይ ሳለች አርፋለች። ሴት ልጇ በሕይወት ተርፋ ሆስፒታል ቀርታለች። ፔሳሚኖ ለአማትየው ቤት አልደወለም፤ ምን ብሎ ይደውል? ፉአቲኖ ከደጅ ተመለሰች። የበደለ ሰው ወደዚያ ቤት የሚገባው በአንድ መንገድ ብቻ መሆኑን ታውቃለች።

አስከሬኑ ወደ ቤት በሚመጣበት ቀን፣ ማለዳ፣ ፉአቲኖ በፔሳሚኖ ግቢ ሣር ላይ ተንበርክካ የእናቷን ምንጣፍ ከአናቷ እስከ እግሯ ተከናነበች። ይህ ኢፎጋ ነው። በደለኛ እንዲህ ሆኖ ይጠብቃል፤ ተበዳይ ወጥቶ ምንጣፉን ካነሣለት ይቅር ተብሏል፣ ካላነሣለት እዚያው ይቀራል። ክረምት ነበርና ካፊያው ምንጣፉን አልፎ ጀርባዋ ላይ ይወርድ ጀመር። ጥቂት ቆይቶ ጠርዙ ተገለጠና አንድ ሰው ከጎኗ ገብቶ ተንበረከከ። በትንፋሹ አወቀችው።

"እማዬ... እኔ ነኝ ገዳይዋ።"

"ሁለታችንም ነን። ዝም በልና አንገትህን ድፋ።"

ሣጥኑ በአጠገባቸው አለፈ። የተሸካሚዎቹን እግር በምንጣፉ ቀዳዳ አዩት። ሣጥኑን ጋራዡ ውስጥ፣ ከአረንጓዴው ወንበር ፊት አሳረፉት። ዝማሬው ተነሥቶ አለቀ፤ ሌላ ተነሣ፤ እሱም አለቀ። ጉልበቷ ደንዝዞ የእሷ መሆኑን ረሳች። በመጨረሻ የከበደ እርምጃ መጥቶ ፊቷ ቆመና ምንጣፉ ከላይዋ ተነሣ።

ፔሳሚኖ ነው። ፊቱ ከልቅሶ የተነሣ የሌላ ሰው ፊት ሆኗል። ምንጣፉን በሁለት እጁ ይዞ ጠማማዋን ስፌት በአውራ ጣቱ ዳሰሳት።

"በሠርጓ ቀን፣ ሰው ፊት፣ ይሄ የሊታራ ነው ብለው ነበር።"

"ብዬ ነበር" አለች ፉአቲኖ።

"እንግዲያው የሷ ነው።"

ይዞት ገባና በሣጥኑ ላይ አለበሰው። ቀዩ ላባ በልጅቷ እግር በኩል ወረደ። ፉአቲኖና ልጇ ያለ ምንም መከናነቢያ ዝናቡ ላይ ቀሩ። ይቅር ብሏት ነው ምንጣፉን ያነሣው? ወይስ የልጁን ዕቃ ወስዶ ነው? ያን ሁሉ ሲጠረጥር የኖረ ልቧ አሁን ይህችን አንዲት ጥያቄ ለመጠየቅ አልደፈረም። ፔሳሚኖ ግን ወደ ደጁ ተመልሶ መጣ።

"ተነሡ፤ ግቡ" አለ። "ዝናብ ነው። ሕፃኗም ከእርስዎ ሌላ ሴት አያት የላትም።"

ፉአቲኖ ዛሬ ያችን ሕፃን እያሳደገች ነው። ስሟ በቤተ ክርስቲያን ከታች ይነበባል፤ ሲነበብም ቀና ብላ ትሰማዋለች። ከፍራሿ ሥር ምንም የለም። የሰው ልጅ ዕድሉ እንዲህ ነው፤ የጠፋበትን ሲፈልግ በእጁ ያለውን ይጥላል። ማኬሪታ አንዳንዴ የዚያን የኢንተርኔት ገበያ ወሬ ልታነሣ ስትል ፉአቲኖ ፊቷን ታዞራለች። ምንጣፉስ ከፍሪጅና ከብስክሌት መካከል ተገኘ... ሊታራን ግን በየትኛው ገበያ ፈልጋ ታግኛት?